ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

በ1852 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንድ እንግሊዛዊ ጎንደርን ለቆ ወደ ምጽዋ መንገድ ጀመረ። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ያመፀው የጋረድ ሰዎች ደረሱበትና በጦር ወጉት። ቤዛ ተከፍሎለት ወደ ጎንደር ተመለሰ፤ መጋቢትን ግን አላለፈም። እዚያው ጎንደር ተቀበረ።

ሰውዬው የብሪታንያ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 ከህንድ ወደ አገሩ ሲመለስ ስዊዝ ላይ ጆን ቤል ከተባለ የአገሩ ሰው ጋር ተገናኘና፣ ሁለቱ የዓባይን ምንጭ እንፈልግ ብለው ወደ ኢትዮጵያ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ፕላውደን ደብረ ታቦር ላይ ከራስ ዓሊ ቤት ተጠጋ፤ ከመኳንንቱ ጋር በላ፣ ጠጣ፣ ዘመተ። የታሪክ መጻሕፍት የሚያነሡት ለሞቱ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ እንደ ወዳጅ ያዩት ስለነበር ደሙን በከባድ በቀል መልሰውለታል። እሱ ግን በቆየባቸው ዓመታት ያየውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ጽሑፉን ወንድሙ ትሬቨር አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1868 በመጽሐፍ አሳተመው፤ ያ ዓመት የመቅደላ ዓመት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ፣ በጦርነቱና በሹም ሽሩ ወሬ መካከል፣ ስለ አንድ ጨዋታ የተጻፈ አጭር ክፍል ነበረበት። የዚያን ዘመን አንባቢ መቅደላን ሲያስብ ጨዋታውን አልፎት ሄደ። አንድ ሰው እዚያ ክፍል ላይ ቆም ብሎ እስኪያስብበት ድረስ ዓመታት አለፉ።

ጨዋታው ሰንጠረዥ ነበር፤ የዛሬው ቼዝ የሩቅ ዘመድ። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በመስመር የተከፋፈለ የመረጃ ገጽ ነው፤ በድሮ ቤተ መንግሥት ግን የመኳንንት መዋያ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ የሆኑት እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸው ሌላ ሰንጠረዥ ዐዋቂ ነበሩ። ገበታው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ በላዩ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር እየተሰመረ 64 ቤት ይወጣለታል። እንደ ዛሬው ቼዝ አንዱ ቤት ነጭ፣ አንዱ ጥቁር አይሆንም። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይሠሩ ነበር።

ይህን ጨዋታ አይተው በመገረም ከጻፉት አንዱ ሄንሪ ሶልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1805፣ በኋላም በ1809 እና በ1810 ትግራይ ድረስ መጥቶ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሰነበተ፤ ራሱም ሲጫወቱ ተመለከተ። ያስደነቀው መጀመሪያ ጫጫታው ነው። እሱ የሚያውቀው ቼዝ በዝምታ የሚጫወቱት፣ ተመልካችም ትንፋሹን ውጦ የሚያየው ነበር። እዚህ ግን የጨዋታው ወሬ ማቆሚያ አልነበረውም፤ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ ይህን አንሣ፣ ያንን ግፋ እያለ ይመክር ነበር። ጠጠር ሲበላም በቀስታ አይነሣም፤ የበላው ሰው የተቃራኒውን ጠጠር ከቤቱ በኃይል መትቶ ያስፈነጥረዋል።

ሶልት ስለ ጠጠሮቹ አካሄድ ጥቂት መዘገበ። በእሱ አገር ቼዝ የጳጳስ ስም የተሰጠው ጠጠር በፈረሱ ላይ ዘሎ ሦስት ቤት ብቻ ይሄዳል አለ። መደቁ፣ ማለትም ከፊት የሚሰለፈው ታናሹ ጠጠር፣ ገና ሲጀምርም ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም አለ። ይህ ሁሉ ለእንግሊዝ አንባቢ ግራ የሚያጋባ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ግን ሶልት ሳይጽፍ የቀረው ነው፤ ጨዋታው እንዴት እንደሚጀመር አልተናገረም።

አጀማመሩ ለምን ያን ያህል ያሳስባል? ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ንጉሡ እንደ ዛሬው አንድ ቤት ይራመዳል፤ ፈረሱም፣ በቀጥታ መስመር የሚሄደው ደርም እንደ ዛሬው ናቸው። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ ግን የዛሬዋ ንግሥት ያላት ኃይል የለውም፤ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ፊሉ በማዕዘን ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፤ ሌላ መድረሻ የለውም። አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ሲዘል ቢኖር ከ64 ቤት 8ቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። በገበታው ላይ ያሉት አራት ፊሎች የአንዳቸው ቤት ለሌላቸው ስለማይሆን ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊበላሉ አይችሉም። መደቆቹም ያው አንድ አንድ ቤት እየተራመዱ ይዳክራሉ።

ከእንዲህ ያሉ ዘገምተኛ ጠጠሮች የሚመጣውን ችግር ዛሬ የስልክ ጨዋታ የሚሠራ ወጣት ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ መጀመሪያው አሰልቺ ይሆናል። ሁለቱ ጦሮች ተጠጋግተው አንድ ነገር እስኪፈጠር ድረስ ብዙ ተራ ያልፋል። አንዱ መደቅ ይገፋል፣ ሌላው መደቅ ይገፋል፤ ደግሞ ይገፋል፣ ደግሞ ይገፋል። ትንሽ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ተጫዋቹን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ገና ምንም ሳይወስን ጊዜው ሲባክን። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ያን ሁሉ ጫጫታና ሳቅ ከየት አመጣው?

ያው ችግር ሌሎችንም ገጥሟቸዋል። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከሊፋዎች ዘንድ የተከበሩት አል አድሊና አስ ሱሊ የተባሉ ሊቃውንት ስለ ጨዋታው መጻሕፍት ጽፈው ነበር። የዓረብ ተጫዋቾች የመረጡት መንገድ አሰላለፍን በቃል መያዝ ነው። ጎበዝ ተጫዋች በስም የሚታወቁ የተዘጋጁ አሰላለፎችን ያጠናል፤ ከዚያ ከ10 በሚበልጡ እርምጃዎች ጦሩን ወደዚያ ቅርጽ ያደርሳል። መንገዱ ሠርቷል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ጀማሪ ሰው ከመጫወቱ በፊት ተማሪ መሆን ነበረበት።

አውሮፓውያን ሌላ መንገድ ያዙ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ፈርዙን ወደ ንግሥት ለውጠው ገበታውን በአንድ ርምጃ የምታቋርጥ አደረጓት፤ ፊሉንም ረጅም መንገድ ለቀቁለት። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ገና ሲጀመር ደም ይፈስስ ጀመር። ይህኛውም ሠራ፤ ዛሬ ዓለም የሚጫወተው ያንኑ ነው። ሆኖም ድሮ የነበረው ጨዋታ በዚያው ሞተ።

በኢትዮጵያ ደጋ ግን ጠጠሮቹ ባሉበት ቀሩ። አልፈጠኑም፣ አሰላለፍም በቃል አልተጠናም። ታዲያ ምን ተደረገ? መልሱ ጎንደር በተቀበረው ሰው መጽሐፍ ውስጥ ነበር።

ፕላውደን የጻፈው አጭር ነው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ወገን ያሻውን ያህል ይራመዳል፤ ተቃራኒው ስንት ጊዜ እንደተራመደ አይቆጥርም፣ ተራም አይጠብቅም። ይህ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ በተራ በተራ ይሆናል።

ይህን ተራ የለሽ መክፈቻ ወረራ ይሉታል። ሲያስቡት ትርምስ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ጨርቁ ተዘርግቷል፤ ሁለቱ ሰዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። አንዱ መሐል ያለውን መደቅ ሲገፋ ሌላው በዚያው ቅጽበት ሁለት መደቅ ገፍቶ ፈረሱን አውጥቷል። የሁለቱም ዓይን በገዛ እጃቸው ላይ አያርፍም፤ ሌላው ምን እያቆመ እንደሆነ ይከታተላሉ። ተቃራኒው ደሩን ከዳር ወደ መሐል ሲያመጣ ያየ ሰው፣ አሁን የገፋውን ነገር ትቶ በዚያ በኩል ያጥራል። ይህን ያየው ደግሞ ደሩን ወደነበረበት ይመልስና በሌላ በኩል ይመጣል። እስካሁን ምንም አልተበላም፤ ስለዚህ ያሰቡትን መለወጥ ይቻላል። የማይለወጥበት ሰዓት ግን እየቀረበ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ምክንያቱም ማናቸውም እጁን ሰዶ ሊያመጣው ይችላል።

ከዚያ አንዱ በላ። ጠጠሩ ከጨርቁ ላይ ተስፈነጠረ፤ ወረራውም ቆመ። አሰላለፉ ያላለቀለት ሰው ከነጉድለቱ ይዋጋል፤ ከአሁን ወዲያ አንድ እርምጃ ለአንድ እርምጃ ነው።

ያ ሁሉ አሰልቺ መጀመሪያ ወዴት ሄደ? ጠጠሮቹን የነካቸው የለም፤ የተነሣው ተራው ብቻ ነው። አንድ ደንብ ተነሥቶ የጨዋታው ቀርፋፋ ክፍል እጅግ የጋለው ክፍል ሆነ። አንድም አሰላለፍ በቃል ያልያዘ ጀማሪ ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚወስነው ነገር አለው፤ አሁን ልብላ ወይስ ትንሽ ልታገሥ? ከትናንሽ የእንቆቅልሽ ጨዋታዎች ውስጥ የሚወደዱትን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ደንባቸው ጥቂት ነው፣ ጥያቄያቸው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጫዋቹን ይይዘዋል።

በፕላውደን መጽሐፍ እዚያ ክፍል ላይ ቆም ብሎ ያሰበው ሰው ሃሮልድ መሪ ነው። በእንግሊዝ አገር የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበር። የቼዝን ታሪክ ከሥሩ እጽፋለሁ ብሎ ተነሣና የድሮዎቹን የእጅ ጽሑፎች በራሱ ዓይን ለማንበብ ዓረብኛ ተማረ። ዓመታት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣው ወፍራም መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ሶልትንና ፕላውደንን ከባግዳዶቹ መጻሕፍት ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የተበታተነው ነገር ተገጣጠመ። ሶልት ጳጳስ ያለውና በፈረሱ ላይ የሚዘለው ጠጠር የባግዳዱ ፊል ሆኖ ተገኘ፤ ሦስት ቤት ያለውም የተነሣበትን ቤት ጨምሮ ስለቆጠረ ነው። በአውሮፓ ከመቶዎች ዓመታት በፊት የቀረው አሮጌ አካሄድ በበጌምድርና በትግራይ መኳንንት እጅ በሕይወት ይገኝ ነበር።

የጠጠሮቹ አካሄድ ከባግዳድ የተወረሰ ነው። ወረራ ግን በእነዚያ የባግዳድ መጻሕፍት ውስጥ የለም። ማን እንደጀመረው ስሙ አልተጻፈም። እኔ የምገምተው በአንድ ሰው ያልተፈጠረ፣ በጨዋታ ብዛት የበሰለ ነገር መሆኑን ነው፤ መደቅ መግፋት የሰለቻቸው ሰዎች አንድ ቀን ቶሎ ቶሎ በል ሳይባባሉ አልቀሩም።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም፤ ሌላ የሚያስገርም ነገር ገና ነበር። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ሁሉ እኩል አልነበረም። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ የገደለ ሰው አሸነፈ ይባላል እንጂ አይደነቅም። በፈርዝና በፊል የገደለ ይመሰገናል። በመደቅ የገደለ ደግሞ ዙሪያውን የቆመውን ሁሉ ያስጮኻል። ከታላላቆቹ ጠጠሮች አንድ እንኳ ሳይቀርለት ባዶውን የቀረ ንጉሥም አይገደልም። አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ንጉሥ ቢኖር አሸናፊው በተወሰነ እርምጃ ውስጥ ካልጨረሰው ድሉን ያጣል።

እንዲህ ያለ ደንብ መሪንም አንባቢዎቹንም ግራ ሊያጋባ ይችል ነበር፤ ኃይል ያለው ሰው ለምን እጁ ይታሰራል? አንድ ምሳሌ ይበቃል። እየረታ ያለው ሰው ሁለት ደር አለው፤ ከፊቱ ያለው ሰው ንጉሥና አንድ ፊል ብቻ ቀርቶታል። ፊሏ በደሩ መንገድ ላይ ተቀምጣለች፤ በአንድ እጅ ትነሣለች። ግን ከተበላች ንጉሡ ባዶውን ይቀራል፤ ድሉም ይጠፋል። ስለዚህ አሸናፊው ያቺን ፊል እንዳትበላበት ይጠነቀቅላታል፣ ዙሪያዋን እየዞረ ንጉሡን ያጠብባል፤ ከተቻለም ከኋላ ያለውን መደቅ አምጥቶ የመጨረሻውን በእሱ ያደርገዋል። የተሸነፈው ሰውም እስከ መጨረሻው የሚሠራው ሥራ አለው፤ ፊሏን ለማስበላት ይጥራል። ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ጨዋታ መጨረሻው ላይ አዲስ እንቆቅልሽ ሆኖ ይነሣል። ወረራው መጀመሪያውን እንዳዳነው ይህ ደንብ መጨረሻውን አዳነው።

ከዚያ ጨዋታው ራሱ ሊጠፋ ተቃረበ። ዘመናዊው ቼዝ ገባ፤ ሰንጠረዥ በታላላቅ ሰዎች ቤት እስከ ጣልያን ወረራ ዋዜማ ድረስ ቆይቶ ከዚያ ወዲህ ገበታው ተጠቀለለ። የቀረው በፕላውደንና በመሰሎቹ ወረቀት ላይ የሰፈረው፣ እንዲሁም በጥቂት አዛውንቶች ትዝታ ውስጥ ያለው ነበር። ወረቀቱ ይቆያል፤ አዛውንቶቹ ግን በየዓመቱ ይቀንሱ ነበር።

በዚህ ሰዓት የደረሰው ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። የሲልቪያ ፓንክረስት ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ከእናቱ ጋር አዲስ አበባ የገባ፣ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆነ ሰው ነበር። ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች ነገሥታቱን ሲከተሉ እሱ ነገሥታቱ ምን ይጫወቱ ነበር ብሎ ጠየቀ። የተጓዦቹን ጽሑፍ ሰበሰበ፣ ጨዋታውን ከሚያውቁ ሰዎች የሰማውን ጨመረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የሰንጠረዥን ታሪክና ደንብ የሚተርክ ጥናት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አወጣ። በዚያው ዓመት ስለ ገበጣ ሌላ ሰፊ ጥናት አሳተመ፤ ከ100 በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቦበታል። ገበጣ እስከ ዛሬ በእረኛው እጅ፣ በመሬት ጉድጓድና በጠጠር ይኖራል፤ የሰንጠረዥ ደንብ ግን ያኔ ባይጻፍ ኖሮ ዛሬ የምንጠይቀው ሰው አናገኝም ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የቀረው የታሪኩ ክፍል ከጎንደር እጅግ ርቆ የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ አሌክሲ ፓዥትኖቭ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በሥራ ቦታው ማሽን ላይ የሚወድቁ ቅርጾችን የማገጣጠም ጨዋታ ይሞክር ነበር። ጨዋታው አልሆነለትም፤ ስክሪኑ በቶሎ ይሞላና ያበቃል። መፍትሔው አንድ ደንብ ነበር፤ የሞላ መስመር ይጥፋ አለ። ቴትሪስ በዚያ ደንብ ተወለደ።

ወደ ሰንጠረዥ ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የመጣው ነው። ሺዝሙ ጌምስ የተባለ አነስተኛ የጨዋታ ሠሪዎች ቡድን ኩንግ ፉ ቼዝ የተባለ የኢንተርኔት ጨዋታ አወጣ። ሁለት ሰዎች በቼዝ ገበታ ላይ ይገናኛሉ፤ ተራ የሚባል የለም፤ የቻለ ጠጠሩን ያንቀሳቅሳል። ሐሳቡ ለብዙ ተጫዋቾች አዲስ ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋታ ግን አንድ እክል አለው፤ ተራ ከሌለ እጁ የፈጠነ ሁልጊዜ ይረታል፣ ማሰብም ቦታ ያጣል። ስለዚህ ሠሪዎቹ የተንቀሳቀሰ ጠጠር ሁሉ ለጥቂት ሰከንድ ደርቆ እንዲቆም አደረጉት። ጣትን የሚያስታግሥ ሰዓት መትከል ነበረባቸው።

የበጌምድር ተጫዋቾች ሰዓት አላስፈለጋቸውም። በወረራ ጊዜ እጁ የፈጠነ ሰው ብዙ ጠጠር ሊያሰልፍ ይችላል፤ የተቃራኒውን አሰላለፍ ሳያይ ካሰለፈ ግን ድካሙ ሁሉ በራሱ ላይ ይመጣበታል። ልብላ ብሎ የቸኮለም ወረራውን የሚዘጋው በራሱም ላይ ነው። ፍጥነትን የሚገታው ነገር ከጨዋታው ውጭ አልመጣም፤ በዚያው በመጀመሪያው ጠጠር መበላት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱን ሥራ ሳወዳድር የቀድሞዎቹ መፍትሔ የበለጠ ንጹሕ ሆኖ ይታየኛል።

አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ ልጆች በጉድጓድ ፈንታ በመስታወት ላይ እየዘሩ ይጫወቱታል። ለሰንጠረዥም የሚያስፈልገው ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል፤ 64 ቤት፣ በየወገኑ 16 ጠጠር፣ የጠጠሮቹ አካሄድ፣ የማሸነፍ ማዕረግ። ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን ጨዋታ በስልክ ለመሥራት የሚነሣ ወጣት የሚገጥመው ከባዱ ሥራ ሌላ ነው፤ ሁለት ሰዎች በሁለት ስልክ ላይ በአንድ ቅጽበት ሲበላሉ ማን ቀድሞ በላ ብሎ ኮምፒውተሩ መፍረድ አለበት። በጨርቁ ዘመን ይህን የሚፈርዱት ዙሪያውን ቆመው የሚጮኹት ሰዎች ነበሩ።